የዚህ ወር ጥናት፦ «የእኛ ቋንቋ» ስለሚሉት የቶርኔ ሸለቆ ሰዎች

እሑድ መውጣት የማይፈቀድላችሁና ይህችን ወረቀት በሰው እጅ አግኝታችሁ ማታ ሥራ ስታበቁ የምታነቡ ሁሉ፣ ከሁሉ በፊት ሰላምታዬ ለእናንተ ይድረስ።

የዚህ ወር የጥናት ተራ የእኔ ነው። መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ገንዘብ አላላክ ለመጻፍ ነበር። ሁለት ነገሮች ግን ሐሳቤን አስለወጡኝ።

አንደኛው እዚሁ በመካከላችን የሆነ ነው። ከሁለት ወር በፊት አንዲት አዲስ እኅት ተነሥታ ስለ ቤተሰቦቿ ስትነግረን «እናቴ ታመመ» አለች። ሳቅን። እሷ አፏን የፈታችው በወላይትኛ ነው፤ አማርኛውን ያወቀችው በኋላ ነው፣ ወንድና ሴቱ ይምታታባታል። ልጅቷ የእናቷን ሕመም ነበር የምትነግረን፣ እኛ የሰማነው ግን ስሕተቷን ብቻ ነው። ከሳቁት አንዷ እኔ ነኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ትመጣለች፣ ጥግ ላይ ትቀመጣለች፣ አንዲት ቃል አትናገርም።

ሁለተኛው ከስልክ የመጣ ነው። እዚህ ቤይሩት አብራኝ ትሠራ የነበረች ጓደኛዬ ዛሬ ስዊድን አገር ናት። በሰሜን በኩል ባለች ከተማ፣ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። ከምትንከባከባቸው መካከል ወደ ዘጠና ዓመት የተጠጉ አንድ እማማ አሉ። የመርሳት በሽታ ይዟቸው ስዊድንኛውን ረስተውታል። ሌሊት ሌሊት ብቻቸውን በሌላ ቋንቋ ያወራሉ። አለቃዋ በሩን ከፍታ ስትገባ ግን ዝም ይሉና አፋቸውን በመዳፋቸው ይሸፍናሉ። ጓደኛዬ ግራ ቢገባት አብራት የምትሠራውን የአገሩን ሴት ጠየቀቻት። ሴትዮዋም «ልጅ ሳሉ ትምህርት ቤት ውስጥ ያ ቋንቋ ክልክል ነበር፤ አሁንም አስተማሪዋ የገባች እየመሰላቸው ነው» አለቻት።

ይህን ከሰማሁ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ማዳም ስትተኛ በስልኬ ስፈልግ፣ ስቀዳ፣ ጓደኛዬንም ስጨቀጭቅ ከረምኩ። የተረዳሁትን እነሆ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የሰውና የቦታ ስሞቹን በተቻለኝ መጠን በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ሲነበቡ ቢያደናቅፏችሁ ታገሡኝ።

ወንዙ

ስዊድን በካርታ ላይ ስትታይ ወደ ላይ የረዘመች አገር ናት። በሰሜን ጫፏ ከፊንላንድ ጋር የሚያዋስናት ወንዝ አለ፤ ቶርኔ ይባላል። ርዝመቱ ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ዋናው ወንዝ ግድብ ስለሌለበት ሳልሞን የሚባለው ዓሣ ከባሕር ተነሥቶ እስከ ላይ ድረስ ይወጣበታል። በብርዱ ወራት ውኃው ጠጥሮ ሰው ይሻገርበታል። በሰኔ አካባቢ ደግሞ በሸለቆው ሰሜናዊ ክፍል ፀሐይ ሌሊቱንም አትጠልቅም። ሸለቆውን ስዊድኖች ቶርኔዳለን ይሉታል፤ «የቶርኔ ሸለቆ» ማለት ነው። ሰዎቹም በዚሁ ቶርኔዳላውያን ተብለዋል።

በወንዙ በሁለቱም ዳር ከጥንት ጀምሮ የሚኖሩት ፊንላንድኛ ተናጋሪ ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። ቤቱ በዚህ ዳር፣ የከብት ሣር የሚያጭድበት መስክ በዚያ ዳር የሆነ ገበሬ ብዙ ነበር። ሙሽራ ከማዶ ይመጣል። በበጋ በጀልባ፣ በብርዱ ጊዜ በበረዶው ላይ ይሻገራሉ። ወንዙ ለእነሱ እንደ መንገድ ነበር እንጂ አይለያያቸውም። ፊንላንድም ያን ጊዜ የስዊድን ግዛት ስለነበረች ማን የማን ነው የሚል ጥያቄ አልነበረም።

በ1808 ሩሲያና ስዊድን ተዋጉ፣ ስዊድን ተሸነፈች። በመስከረም 1809 ሐሚና በምትባል ከተማ የሰላም ውል ተፈረመና ፊንላንድ ለሩሲያ ተሰጠች። አዲሱ ድንበርም በቶርኔ ወንዝና ወደ እሱ በሚገባው በሙኦኒዮ ወንዝ ላይ ተሰመረ። የሸለቆውን ሰው የጠየቀው አልነበረም። በወንዙ አፍ ያለችው የንግድ ከተማ ቶርኒዮ ወደ ሩሲያ በኩል ስለቀረች ስዊድኖች በትይዩዋ ሃፓራንዳ የምትባል ሌላ ከተማ መሠረቱ። ዛሬም ካርታውን ብታዩ ያው አንድ ስም በሁለቱም ዳር ተጽፎ ታገኛላችሁ። ፔሎ በስዊድንም በፊንላንድም አለ። ካሬሱዋንዶ ማዶው ካሬሱቫንቶ ነው። ኦቨርቶርኔኦ ማዶው ዩሊቶርኒዮ ነው፤ ሁለቱም በየቋንቋቸው «ላይኛው ቶርኒዮ» ማለት ናቸው።

እኛ ድንበር የተሻገርነው ፓስፖርት አውጥተን፣ በአውሮፕላን ተሳፍረን ነው። እነሱ ከደጃቸው ሳይነቃነቁ ድንበሩ ራሱ መጣባቸው። ከዚያ በኋላ አክስትን መጠየቅ አገር መሻገር ሆነ። እርግጥ ሰው ብልሃት አያጣም፤ ቡናውና ቅቤው በሌሊት በጀልባ ይሻገር ነበር። የሸለቆው ሰው የኮንትሮባንድ ታሪክ ሲያወራ ዛሬም አይጠግብም ይባላል።

ቋንቋው

ስዊድንኛና ፊንላንድኛ እንደ አማርኛና ትግርኛ የሚቀራረቡ እንዳይመስላችሁ። ስዊድንኛ የጀርመንኛና የእንግሊዝኛ ዘመድ ነው። ፊንላንድኛ ግን ከእነሱ ጋር ዝምድና የለውም፤ አማርኛ ከቱርክኛ እንደሚርቀው ይራራቃሉ። ስለዚህ የአንዱን ልጅ በሌላው ቋንቋ ክፍል ውስጥ ብታስቀምጡት በግምት እንኳ የሚይዘው ነገር የለም።

ከ1809 በኋላ ቋንቋው በሁለቱ ዳር ለየብቻ ሄደ። በፊንላንድ በኩል ጋዜጣ ወጣበት፣ መጽሐፍ ተጻፈበት፣ ቆይቶም ዩኒቨርሲቲ ገባ። አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር ምሁራኑ አዲስ ቃል ያወጡለት ጀመር። በስዊድን በኩል የቀሩት ግን የአያቶቻቸውን አነጋገር ይዘው ቆዩ፣ ለአዲሱ ነገር ደግሞ ከስዊድንኛ ተበደሩ። ለምሳሌ መኪና በፊንላንድኛ «አውቶ» ነው። ቶርኔዳላውያን «ፒሊ» ይላሉ፤ ስዊድኖቹ «ቢል» ከሚሉት የመጣ ነው። ሹካ በፊንላንድኛ «ሃሩካ» ሲሆን በእነሱ «ካህቬሊ» ነው፤ ይህም የስዊድኑ «ጋፈል» ነው።

አይሳቅባቸው። እኛስ እዚህ «ሸርሸፉን አጥቤ አሰጣሁ»፣ «ከበራዱ አውጪልኝ» እንል የለም? አገር ቤት ደውለን እንዲህ ስንል እናቶቻችን ይደነግጣሉ። እሱ ሳያስቡት የሚመጣ ነው።

ዛሬ ይህ ቋንቋ ሜአንኪዬሊ ተብሎ ይጠራል። «ሜአን» የእኛ ማለት ነው። «ኪዬሊ» ደግሞ ቋንቋም ምላስም ማለት ነው፤ ልክ የእኛ «ልሳን» ሁለቱንም እንደሚይዘው። ስሙ በሰፊው የተለመደው ከ1980ዎቹ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት «የቶርኔዳል ፊንላንድኛ» ይባል ነበር።

ትምህርት ቤቱ

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል መጣን። ቀድሞ የሸለቆው ልጆች በፊንላንድኛም ይማሩ ነበር። በ1888 ግን የስዊድን መንግሥት የትምህርት ቤቱን ወጪ እኔ እችላለሁ፣ ማስተማሪያው ግን ስዊድንኛ ይሁን አለ። ለድሃ አጥቢያ ይህ እምቢ የሚባል ነገር አልነበረም። አንዳንድ ወላጆችም ልጆቻችን ስዊድንኛ ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል ብለው ወደውት ነበር። እኔ በእነዚህ ወላጆች አልፈርድም።

መንግሥቱ ለምን እንዲህ አደረገ? ዘመኑ «አንድ አገር፣ አንድ ቋንቋ» የሚባልበት ዘመን ነበር። ከዚያም በላይ ከወንዙ ማዶ ያለችው ሩሲያ ነበረች። ስቶክሆልም ያሉት ሹሞች የማዶውን ቋንቋ የሚናገር ሰው ልቡም ማዶ ይሆናል ብለው ሠጉ። ገበሬው ስለ ዓሣና ስለ ሣር ሲያወራ እነሱ የሚሰሙት የጦርነት ወሬ ነበር።

እየቆየ ነገሩ ጠበቀ። በክፍል ውስጥ ብቻ ሳይሆን በእረፍት ሰዓት ሜዳ ላይ እንኳ ፊንላንድኛ መናገር ተከለከለ። በሰባት ዓመቱ ከእናቱ ጉያ ወጥቶ የሄደው ልጅ አስተማሪው የሚለውን አይሰማም፣ የሚያውቀውን ደግሞ አይናገርም። ሽንት ቤት ልሂድ ለማለት ቋንቋ የለውም። ኋላ ትልልቅ ሆነው ምስክርነት የሰጡት ሰዎች መመታታቸውን፣ በጓደኞቻቸው ፊት መዋረዳቸውን ተናግረዋል። ብዙዎቹ የሚያስታውሱት ከዱላው ይልቅ ኀፍረቱን ነው።

ይህን ሳነብ ወደዚህ የመጣሁበት የመጀመሪያ ሳምንት ትዝ አለኝ። ማዳም «ሚልህ ጂቢ» አለችኝ። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት የተማርኳት እንግሊዝኛ ነበረችኝና ሚልክ ያለች መስሎኝ ወተት ይዤላት ሄድኩ። ጨው ነበር የፈለገችው። እንግዶች ነበሩ፣ ሁሉም ሳቁ። ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ። ያን ጊዜ ግን ሃያ ዓመት ሞልቶኛል፣ የራሴ ቋንቋም ከእኔ ጋር ነበር፤ ማታ ለእኅቴ ደውዬ እንደ ልቤ አወራሁ። የሰባት ዓመቱን ልጅ አስቡት።

በ1902 በሰሜኑ ረኃብ ገባ። ከ1903 ጀምሮም ለድሆችና ሩቅ ለሚኖሩ ልጆች ማደሪያ ቤቶች ተከፈቱ፤ ስማቸው ሲተረጎም «የሥራ ጎጆዎች» እንደማለት ነው። ልጆቹ ከወላጅ ርቀው እዚያ ያድራሉ፣ ይበላሉ፣ ሹራብ መሥራትና እንጨት መጥረብ ይማራሉ፣ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። የቤቱ ቋንቋ ስዊድንኛ ነው። እስከ 1954 ድረስ ቆይተዋል። ርኅራኄም ነበረበት፣ ጭካኔም ነበረበት። የተራበን ልጅ ማብላት መልካም ነገር ነው፤ ያ ልጅ ግን እንጀራውን ያገኘው ምላሱን ደጅ ትቶ ነበር። ከእኛ ይህን የማታውቅ ማን አለች?

ሌላም አለ፣ ቶሎ ልለፈው። በ1922 ኡፕሳላ ከተማ ውስጥ መንግሥት የዘር ጥናት ተቋም አቋቋመ፤ ኃላፊው ሄርማን ሉንድቦርግ የሚባል ሐኪም ነበር። ሰዎቹ ወደ ሰሜን እየሄዱ የቶርኔዳላውያንንና የጎረቤቶቻቸውን የሳሚ ሕዝብ የራስ ቅል ይለኩ፣ ፎቶ ያነሷቸው ነበር። አንዱን ዘር ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ ለማድረግ ነው። ያ ጥናት ዛሬ ሳይንስ አይባልም።

የቋንቋው ክልከላ በ1957 በይፋ ተነሣ። ይህን ለጓደኛዬ ስነግራት «ታዲያ እማማ ከዚያ በፊት ትምህርት ጨርሰው ነበር ማለት ነው» አለችኝ። አስልተን አየነው፤ አዎ፣ ጨርሰው ነበር።

እናቶቹ

እኔን ከሁሉ የነካኝ ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ክልከላው ሲነሣ ቋንቋው ይመለሳል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። አልተመለሰም። እነዚያ በትምህርት ቤት የተዋረዱ ልጆች አድገው አገቡ፣ ወለዱ። ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው በራሳቸው ቋንቋ ያወራሉ፣ ወደ ልጆቻቸው ሲዞሩ በስዊድንኛ። ማንም አላስገደዳቸውም። እኔ ያየሁትን ልጄ አይይ ብለው ነው። እንዲህ ሆኖ የሚሰማ ግን የማይናገር ትውልድ መጣ፣ ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ የማይሰማም መጣ። አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ማዕድ ተቀምጠው ፈገግ ከመባባል በቀር የሚያወሩት ጠፋ።

እኅቶች፣ እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር። እኔ ያደግሁት አዳማ ነው። እናቴ የሐዲያ ሰው ናት። ገበያ ላይ የአገሯን ሰው ስታገኝ ድምፅዋ ይለወጣል፣ ትስቃለች፣ እጇ ይንቀሳቀሳል፤ ሌላ ሴት ትሆናለች። ቤት ስትገባ ለእኛ አማርኛ ብቻ። ሐዲይኛ አላስተማረችንም። ይህን ጥናት ሳዘጋጅ ደውዬ ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት። ዝም አለች፤ መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ «ሄሎ፣ ሄሎ» አልኩ። ከዚያ «እንዳይስቁባችሁ ብዬ ነው ልጄ» አለችኝ።

እንግዲህ እኔ የዚያች ሴት ልጅ ሆኜ ነው በዚያች እኅት የሳቅሁት።

ቋንቋውን ያቆየው

ሆኖም አልጠፋም። አንደኛው ምክንያት ጸሎት ነው። ላርስ ሌቪ ሌስታዲየስ የሚባል ቄስ፣ በ1800 ተወልዶ በ1861 የሞተ፣ በካሬሱዋንዶና በፓያላ አገልግሏል። በፊንላንድኛና በሳሚ ቋንቋ ስለሚሰብክ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ታላቅ መነቃቃት ሆነ። እሱ ከሞተ በኋላም ተከታዮቹ በየቤቱ የሚያደርጉት ስብሰባ በፊንላንድኛ ቀጠለ። በትምህርት ቤት የሚያሳፍረው ቋንቋ እሑድ የከበረ ነበር። ሁለተኛው ምክንያት ሥራው ነው፦ ዓሣ ማጥመዱ፣ ጫካው፣ የእንፋሎት መታጠቢያው ቤት፣ ቀልዱ።

በ1944 መጸው ደግሞ ጦርነቱ በፊንላንድ ሰሜን ሲነድ ከ50 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ላሞቻቸውን እየነዱ ወንዙን ተሻግረው ወደ ስዊድን ሸሹ። ከተቀበሏቸው መካከል አፍ ለአፍ መግባባት የቻሉት ቶርኔዳላውያን ነበሩ። ያን ጊዜ ክልከላው ገና አልተነሣም ነበር፤ ልጆቹ ክፍል ውስጥ የማይናገሩት ቋንቋ ለስደተኛው መቀበያ ሆነ።

ከክልከላው በኋላም ሌላ ስድብ መጣ። በ1968 ኒልስ ኤሪክ ሃንሴጎርድ የሚባል የቋንቋ መምህር ስለ ኪሩና አካባቢ ልጆች በጻፈው መጽሐፍ «ግማሽ ቋንቋ» የሚል አባባል አስፋፋ። ሐሳቡ ልጆቹ የእናታቸውን ቋንቋ ተነጥቀው፣ ስዊድንኛውንም በደንብ ሳይዙ መካከል ላይ ቀሩ የሚል ነው። እሱ ትምህርት ቤቱን ሊወቅስ ፈልጎ ነበር፤ ስሙ ግን በልጆቹ ላይ ተለጠፈ። የቋንቋ ምሁራን ኋላ ይህን ሐሳብ ትተውታል። ቢሆንም ፊንላንዶቹ «የእናንተ ፊንላንድኛ ያስቃል» ሲሏቸው፣ ስዊድኖቹም «ስዊድንኛችሁ ይጎድላል» ሲሏቸው፣ ሰው በራሱ አፍ እንግዳ ይሆናል።

መነሣቱ

በ1981 ቶርኔዳላውያን የራሳቸውን ብሔራዊ ማኅበር አቋቋሙ። በ1985 ቤንግት ፖህያኔን የሚባል ደራሲ «ሊዩኬሪ» የተባለውን ልቦለድ አወጣ፤ በሜአንኪዬሊ የተጻፈ የመጀመሪያው ልቦለድ ነው። በ1986 የቶርኔዳል ቴአትር ተመሠረተ። ፓያላ ላይ በቋንቋው የሚያሰራጭ የሬዲዮ ክፍልም አለ። በ2000 ደግሞ የፓያላው ልጅ ሚካኤል ኒኤሚ ስለ ሸለቆው የልጅነት ሕይወት በስዊድንኛ የጻፈው ልቦለድ በመላው ስዊድን ተነበበ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሚያጨቃጭቅ ጥያቄ አልጠፋም፦ ሜአንኪዬሊ ቋንቋ ነው ወይስ የፊንላንድኛ ዘዬ? በፊንላንድ በኩል ዘዬ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ሰዎቹ በደንብ ይግባባሉና። የሸለቆው ሰዎች መልስ ግን፣ መንገዳችን ከ1809 ጀምሮ ተለይቷል፣ የማዶውን ፊንላንድኛ ማንም አላስተማረንም፣ ይህ የእኛ ነው የሚል ነው። እኔ ምሁር አይደለሁም፤ ሰው ቋንቋዬ ነው ካለ ቋንቋው ነው ባይ ነኝ።

በዚያው በ2000 ስዊድን የአውሮፓን የአናሳ ሕዝቦችና ቋንቋዎች ስምምነቶች ተቀበለች። አምስት ሕዝቦችንም «ብሔራዊ አናሳ» ብላ አወቀች፦ ሳሚ፣ የስዊድን ፊንላንዶች፣ ቶርኔዳላውያን፣ ሮማና አይሁድ። ቋንቋዎቹም ሳሚኛ፣ ፊንላንድኛ፣ ሜአንኪዬሊ፣ ሮማኒና ዪዲሽ ናቸው። «ብሔራዊ አናሳ» ማለት ቁጥሩ ትንሽ የሆነ ሁሉ ማለት አይደለም። በአገሪቱ ውስጥ ከረጅም ዘመን ጀምሮ የኖረ፣ የራሱ ቋንቋ ወይም ባህል ወይም ሃይማኖት ያለው፣ ማንነቱንም ለመጠበቅ የሚፈልግ ሕዝብ ማለት ነው። ስለዚህ ስዊድን ውስጥ ብዙ ሐበሻ ቢኖርም አማርኛ በዚህ ውስጥ አይገባም፤ እኛ እዚያ የቅርብ ጊዜ መጤዎች ነን።

መብቱ በሥራ ላይ ምን ይመስላል? መጀመሪያ በአምስት የሰሜን ወረዳዎች ማለትም በሃፓራንዳ፣ በኦቨርቶርኔኦ፣ በፓያላ፣ በኪሩናና በየሊቫሬ ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤትና ከፍርድ ቤት ጋር በሜአንኪዬሊ እንዲነጋገር ተፈቀደ። ከ2010 መጀመሪያ ጀምሮ ሰፋ ያለ ሕግ ወጣ፣ ሌሎች ወረዳዎችም ተጨመሩ። በእነዚህ ወረዳዎች ወላጅ ለልጁ በቋንቋው የሚያወራ መዋዕለ ሕፃናት፣ አረጋዊ ደግሞ በቋንቋው የሚያወራ ተንከባካቢ መጠየቅ ይችላል።

በትምህርት ቤት በኩል ያለው ልዩነት ለጓደኛዬ ቅርብ ስለሆነ ልንገራችሁ። ስዊድን ውስጥ የመጤ ልጅ የእናቱን ቋንቋ በትምህርት ቤት መማር ይችላል፤ አማርኛም አለ። ግን ቢያንስ አምስት ልጆች መጠየቅ አለባቸው። ለብሔራዊ አናሳዎቹ ቋንቋዎች አንድ ልጅ ብቻውን ቢጠይቅ ይበቃል። ቤት ውስጥ ቋንቋው ባይነገር እንኳ ልጁ መብት አለው፤ ያልተነገረበትን ምክንያት ሕጉ ራሱ ያውቀዋልና። የጓደኛዬ ልጅ ባለችበት ከተማ አራት ሐበሻ ልጆች ናቸው ያሉት። አምስተኛ እየፈለገች ነው። «አንቺ ነይና ውለጂልኝ» ትለኛለች።

ቢሆንም ወረቀት ላይ ያለው ሁሉ እጅ ላይ አይገባም። መምህር ጠፍቷል። ማን ያስተምር? ሊያስተምር የሚገባው ትውልድ እኮ ያ እንዳይናገር የተደረገው ነው። ተንከባካቢም እንዲሁ። የስዊድን መንግሥት ሰውን በቋንቋ ስለማይቆጥር ተናጋሪዎቹ በግምት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው ከማለት በቀር ትክክለኛ ቁጥር የለም፤ ብዙዎቹም በዕድሜ የገፉ ናቸው።

በ2020 መንግሥት ይህን ሁሉ የሚመረምር የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን አቋቋመ። ምርመራው ስለ ቶርኔዳላውያን ብቻ ሳይሆን ክቬንና ላንታላይሴት ተብለው ስለሚጠሩት፣ በዚያው ሰሜን ስለሚኖሩ ወገኖችም ነው። በኅዳር 2023 የመጨረሻ ሪፖርቱን አስረከበ። የክልከላውን፣ የማደሪያ ቤቶቹን፣ የራስ ቅል ልኬቱንም ታሪክ ከምስክሮች ቃል ጋር አስፍሮ፣ መንግሥት በይፋ ይቅርታ እንዲጠይቅና ቋንቋውን የሚያነሣ ሥራ እንዲሠራ ሐሳብ አቀረበ። እኔን የገረመኝ አንዳንዶቹ ሽማግሌዎች ታሪካቸውን ለገዛ ልጆቻቸው እንኳ ሳይነግሩ መቆየታቸው ነው። እኛስ እዚህ የሚደርስብንን ለአገር ቤት መቼ እንናገራለን?

የጓደኛዬ ቡና

እነዚህ ሰዎች ቡና ይወዳሉ። ከዚያም አልፎ በቡናቸው ውስጥ ቁራጭ አይብ ጨምረው ይጠጣሉ። አይብ! ጓደኛዬ መጀመሪያ ስታይ አስጠልቷት ነበር። ኋላ ግን «እኛ ጨውም ቅቤም እንጨምር የለ» ብላ ቀምሳው ለመደችው።

ከሥራ ባልደረባዋ ጠይቃ አንድ ዐረፍተ ነገር አጠናች፦ «ኦታኮ ካህቪያ?» ቡና ይጠጣሉ ወይ ማለት ነው። አንድ ቀን ጠዋት ትሪውን ይዛ ገባችና አለቻቸው። እማማ አፍጥጠው አዩዋት። እጃቸው ወደ አፋቸው ተነሣ፣ ከመንገድ ተመለሰ። ከዚያ ሳቁና ቃሉን ደግመው በትክክል አሉላት፣ እንድትደግመውም በጣታቸው አዘዟት። ሦስት ጊዜ አስደገሟት። «ምላስሽ ወፍራም ነው የሚሉኝ ይመስለኛል» አለችኝ ጓደኛዬ። አሁን በየጠዋቱ አንድ አንድ ቃል ያስተምሯታል። አለቃዋ ስትገባ አንዳንድ ቀን ዝም ይላሉ፣ አንዳንድ ቀን ይቀጥላሉ።

እኔም ያችን እኅት ባለፈው እሑድ ታክሲ ስንጠብቅ አግኝቻት ይቅርታ ጠየቅኋት። እናቷ ተሽሏቸዋል። በሚቀጥለው ስብሰባ ሰላምታውን በወላይትኛ እንድታቀርብልን ለመንኳት፤ እኔም ከእናቴ በስልክ ያጠናኋትን ሁለት መስመር ሐዲይኛ ቀጥዬ እላለሁ አልኳት። «ትስቁ እንደሆነስ?» አለችኝ። በእኔ ሐዲይኛ መጀመሪያ የምትስቀው እናቴ እንደሆነች ነገርኳት። ታክሲው መጣ። «እስቲ አያለሁ» ብላ ገባች።